የተራቡት መደቦች

ሌላ ሰው እንግድነት ሲሄድ ዓይኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ይፈልጋል፣ ወይም ከወጥ ቤት የሚመጣውን ሽታ በአፍንጫው ይከተላል። የእሱ ዓይን ግን በመስኮት ሾልኮ ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። ጓሮው ውስጥ ባቄላ፣ አተር ወይም ቦሎቄ ካየ አለቀለት፤ ወሬው ይጠፋበታል፣ ወንበሩ ይቆረቁረዋል፣ ትንሽ ቆይቶም "ነፋስ ልቀበል" ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ፤ ከባለቤቱ ተክልም አንዱ ጎድሏል።

የአፈር ተመራማሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠና የኖረው የባቄላና የዘመዶቹ ሥር ላይ የሚወጡትን፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ እባጮች ነው። በእባጮቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነሱ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይቀልባቸዋል። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ድድ ቀላ ካለ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነጭ ከሆነ ግን ቤት ይዘው የተኙ ሥራ ፈቶች ናቸው። ይህን ለማየት ሲል ያልነቀለው ባቄላ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፊት ለፊት "ዶክተር"፣ ዘወር ሲል "ዶክተር እባጭ" ይሉታል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መመገቢያው ሲገባ "ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ" የምትለውን ተረት አንዱ ለሌላው ጮክ ብሎ መንገሩ የተለመደ ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ተረቱ ውስጥ ያለው ባቄላ የትኛው ዝርያ ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ሲጀምር ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል።

ቅጽል ስሙ ሰፈር ድረስ ተከትሎት መጣ። አንድ እሑድ ጠዋት ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ አንገቱን ወደ ጎን አጋድሎ በሩን አንኳኳ።

"ዶክተር፣ እባጭ ላይ እጅህ መልካም ነው ሲሉ ሰምቼ ነው" አለና ኮሌታውን ገለጥ አደረገ።

ተመራማሪው እባጩን ከልቡ አየው። ውስጡ ቀይ ይሁን ነጭ ለማወቅ ጥቂት ፍላጎት እንዳደረበት ኋላ ለሚስቱ አምኗል። ደግነቱ ሚስቱ ፋርማሲስት ነች፤ ሰውዬውን ከባሏ እጅ አስጥላ ቅባት ሰጥታ ሸኘችው።

አባቱ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ሲመኙ ኖረው፣ የዶክተርነት ማዕረጉን ሲያገኝ ምኞታቸው ግማሽ መንገድ ደረሰ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ "ልጄ ዶክተር ሆነ" ይላሉ፤ "የምን ዶክተር?" የሚል ሰው ሲገኝ ግን ፍሬን ይዘው "ወራጅ አለ?" ይላሉ።

ከአማቱ ጋር የተዋወቀውም በዚሁ አመሉ ነው። ሴትየዋ የመዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም፤ አንድ ጊዜ "ቁጭ በሉ" ካሉ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ልጅ ሊያደርሱ የመጡት ወላጆችም ይቀመጡ ነበር። ልጃቸው እጮኛዋን ልታስተዋውቃቸው ስታመጣው በር ላይ አቁማ "እናቴ ፊት ስለ አፈር አታውራ" ብላ አስጠንቅቃዋለች።

አላወራም። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሶፋው ምቾት አወራ። ሻዩ እስኪመጣ ድረስ ጨዋ ሆኖ ቆየ። ሻዩ ሲመጣ ግን በመስኮቱ በኩል አጥር ተደግፎ የቆመ ባቄላ ዓይኑ ገባ፤ እጁን ሊታጠብ እንደሆነ ተናግሮ ወጣ። በዚያው ሲቀር እናትየው ተነሥተው ፍለጋ ወጡ። ሰውዬው አዲሱ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነክቶት፣ ከነሥሩ የተመዘዘ ባቄላ ይዞ ብቻውን ፈገግ ይላል።

"ልጄን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ጓሮዬን ልታርም?" አሉት።

ማስጠንቀቂያው ሁሉ ከራሱ ላይ በነነ። ባቄላውን ከፍ አድርጎ ያዘና አስረዳቸው፤ ባክቴሪያው ለባቄላው ምግብ እንደሚሰጠው፣ ባቄላው ለባክቴሪያው ማደሪያና ስኳር እንደሚሰጠው፣ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይደምቅ። ሲጨርስም "በአጭሩ ትዳር ማለት ነው፣ እማማ" አለ።

"ይሄማ አከራይና ተከራይ ነው" አሉ እናትየው። "ባቄላውን ከነበረበት መልሰው።"

መለሰው። በማግስቱ ጠወለገ። ሠርጉ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላም አማቱ እቤት ውስጥ ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር "ያንን ባቄላ የፈጀ እጅ" ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ሰጋችና "እማዬ፣ ወደ እኛ ነይ" አለቻቸው። "ጓሮዬን የት ላስቀምጠው?" አሉ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተለመኑ፤ መልሳቸው ያው ጓሮ ሆነ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው እሳቸው ቤት ገቡ። በዚህ አኳኋን ተመራማሪው ከአማቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ጀመረ፤ እራት ላይም በየቀኑ ስለ ሥራው ያወራል። ሚስቱ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክላ "እህ" ትላለች። አማቱ ሹራባቸውን ይሠራሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ባክቴሪያ ፀሐይ እንደማይወድ፣ ሙቀት እንደሚገድለው፣ ስኳር ሲያገኝ እንደሚበረታ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ይመስለው ነበር።

የምርምር ጣቢያው ዳይሬክተር ደግሞ ሪባን መቁረጥ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቢሮአቸው አስጠርተውት፣ በር አጠገብ ያለው የሙከራ ማሳው የእንግዶች መኪና ማቆሚያ ሊሆን መወሰኑን ነገሩት።

"ሥራህ ጥሩ ነው፤ ማንም አይክደውም" አሉት። "ችግሩ ሁሉ ነገርህ ከመሬት በታች ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳየው?"

ዘሩ ተዘጋጅቷል፣ ዝናቡ ደርሷል፣ መሬቱ የለም። ተመራማሪው እርር ድብን ብሎ ቤቱ ገባና ከብዙ ማንገራገር በኋላ አማቱን ለመናቸው። ጓሯቸው ሰፊ ነው፤ ከዚያም በላይ የአኩሪ አተር ዘር አይቶ አያውቅም። ለእሱ ይህ ወርቅ ነበር። አኩሪ አተር የሚስማማው የራሱ ባክቴሪያ አለ፤ አኩሪ አተር ባልነካው አፈር ውስጥ ያ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ባክቴሪያውን የሚያገኙት መደቦች ለምልመው፣ የማያገኙት ገርጥተው ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል።

"ቲማቲሜን አትነካም" አሉ አማቱ። "ሌላውን ውሰድ።"

መደቦቹን አበጀ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ ተወ፤ ቦታ ያጠረው አንዱ መደብ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ገባ። ባክቴሪያው የሚመጣው ጥቁር ዱቄት ውስጥ ሆኖ ነው። እጁ ላይ የቀረ ዱቄት ነገሩን እንዳያበላሽበት መጀመሪያ ምንም የማያገኘውን ዘር ዘራ። ከዚያ የቀረውን ዘር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በስኳር ውሃ አርሶ፣ በዱቄቱ ለውሶ ዘራ። የተረፈውን ዱቄት ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን አስቀመጠው። ሚስቱ በትልቁ "አይበላም" ብላ ጻፈችበት፤ እናቷ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ሻይ ያፈላሉና።

ሳምንታት አለፉ። ዱቄት ያገኙት መደቦች ድንቅ አረንጓዴ ሆኑ። ያላገኙት ደግሞ ከታችኛው ቅጠላቸው ጀምረው ቢጫ እየመሰሉ፣ ቁመታቸው እያጠረ መጣ። ተመራማሪው በየጠዋቱ ቢጫዎቹን እያየ እጁን ያፋትጋል። አማቱ ይህን ከወጥ ቤቱ መስኮት ያያሉ።

"እነዚያ ምን ሆነው ነው?" አሉት አንድ ጠዋት።

"ማወዳደሪያ ናቸው፣ እማማ። ባክቴሪያ አላገኙም።"

"መቼ ያገኛሉ?"

"አያገኙም። የተዘሩት ላለማግኘት ነው።"

አማቱ ማማሰያውን አስቀመጡ። "አንዱ አጠገቡ ሆኖ እየበላ፣ አንዱ እያየ?"

"እፅዋት አያዩም፣ እማማ።"

"አንተ ምን ታውቃለህ" አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ሴትየዋ ዕድሜ ልካቸውን ምሳ ዕቃ ሲከፍቱ የኖሩ ናቸው። ከአንዱ ልጅ ምሳ ዕቃ ኬክ፣ ከሌላው ደረቅ ዳቦ ሲወጣ፣ ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ገልብጠው እኩል ያካፍሉ ነበር፤ ባለ ኬኩ ቢያለቅስም። አሁን ደግሞ የገዛ አማቻቸው፣ የተማረ ሰው፣ በገዛ ጓሯቸው ሆን ብሎ ያስርባል። አንጀታቸው አልችል አለ።

በዚያው ሰሞን ተመራማሪው ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰነበተ። ተመልሶ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ቢጫዎቹ መደቦች ላይ አንድ ነገር ታዘበ። አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው። ዓይኑን አሸ። ዝናቡ አጥቧቸው ይሆናል አለ። በሳምንቱ ግን ጥርጣሬ አልነበረም፤ መደቦቹ ወዛቸው ተመልሶ ቀና ብለዋል። አንድ ተክል ነቀለ፣ እባጭ አገኘ፣ በጥፍሩ ሰነጠቀው። እንደ ድድ ቀይ ነው።

ልቡ ቅቤ ጠጣ። በተማረው ሁሉ መሠረት ባክቴሪያ መተላለፊያውን አቋርጦ እንዲህ ባጭር ጊዜ ሌላ መደብ ሊገባ አይችልም። ይህኛው ገብቷል። ስለዚህ ይህኛው ልዩ ነው። በዚያ ቀን ምሳ አልበላም፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያዜም ሚስቱ ሰማችው፤ ከተጋቡ ወዲህ ሲያዜም ሰምታው አታውቅም ነበር።

የአፈር ክፍሉን ኃላፊ ሮጦ ሄዶ ነገራት። ኃላፊዋ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "እመት ጥርጣሬ" የሚላት ሴት ነች፤ ዝናብ እየዘነበ "ዘነበ" ብትሏት "እስቲ እንየው" የምትል። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና "እጠራጠራለሁ" አለች።

ዳይሬክተሩ ግን አልተጠራጠሩም። ወሬው ጆሯቸው እንደገባ የሚራመድ ባክቴሪያ የሚለውን ነገር ወደዱት። የሚራመድ ነገር ለእንግዳ ይታያል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ጓሮው ድረስ ሄደው ለማየት ቀን ቆረጡ፤ ፎቶ አንሺም ይዘው መጡ።

አማቱ ለእንግዶቹ ሻይ አፈሉ። ዳይሬክተሩ ዱቄት ባገኘና ባላገኘ መደብ መካከል ቆመው ሆዳቸውን ሳብ አድርገው ንግግር ጀመሩ።

"እኛ ሳናያት፣ ማንም ሳይገፋት፣ ይህቺ ትንሽ ፍጥረት በራሷ ኃይል ይህንን መንገድ ተሻግራለች" አሉ መተላለፊያውን በጫማቸው እየጠቆሙ። ፎቶ አንሺው ጫማውን አነሣው።

እመት ጥርጣሬ ንግግሩን አልሰማችም። ጉልበቷን አጥፋ ከሁለቱም መደብ አንዳንድ ተክል በጥንቃቄ ቆፍራ አወጣች፣ ሥራቸውን በሻይ ብርጭቆ ውሃ አጠበች፣ ጎን ለጎን ያዘቻቸው።

"አየኸው?" አለችው ተመራማሪውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በዱቄት የተዘራው እባጩ ሁሉ ላይኛው ዋና ሥር ላይ ተሰብስቧል። ይሄኛው ግን ዋናው ሥር ላይ ምንም የለው፤ ጎን ጎኑ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ላይ ነው። ባክቴሪያው የደረሰው ዋናው ሥር ካደገ በኋላ ነው። ከጎንም አልመጣም፣ ከላይ ነው የመጣው። ሰው አጠጥቶታል።"

ተመራማሪው ሁለቱን ሥሮች አየ። ይህንን ለሌሎች ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነበር፤ በደስታው ብዛት መጀመሪያ ማየት ያለበትን ሳያይ ቀርቷል። ጆሮው ጋለ።

"ማን ያጠጣዋል?" አለ።

"ማን ያጠጣው መሰለህ?" አሉ አማቱ ሻይ እየቀዱ። "እኔ ነኝ እንጂ።"

ንግግሩ ቆመ። ዳይሬክተሩ አንድ እግራቸው መተላለፊያው ላይ እንደተነሣ ቀረ።

"ዱቄቱ ፍሪጅ ውስጥ ተርፎ ተቀምጧል" አሉ አማቱ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "እነዚህ ደግሞ ተርበዋል። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ስኳር ጨመርኩ፣ ስኳር ይወዳሉ ብለሃል። ዱቄቱን በጠበጥኩት። ፀሐይ ይገድላቸዋል ስላልክ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ በውሃ ማጠጫው ሥር ሥራቸውን አጠጣሁ። ምን አጠፋሁ?"

ሚስቱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ ነው። የተመራማሪውን ልብ ግን ሌላ ነገር ነካው። ያን ሁሉ ዘመን እራት ላይ ለግድግዳ ነበር የሚያወራ የመሰለው። ሴትየዋ ሹራብ እየሠሩ አንድም ቃል አላመለጣቸውም።

"እማማ" አለ በመጨረሻ፣ "ሁሉንም አጠጧቸው?"

"ሁሉንም ነዋ። እኔ ልጅ አልለይም።"

"የውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለውንም?"

አማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጡ። "እዚያ ጀርባ አለ እንዴ?"

ሁሉም ተያይዘው ሄዱ። ከታንከሩ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት የማይታየው መደብ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃል። እመት ጥርጣሬ ቁጢጥ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"እንግዲህ ሦስት አለን" አለች። "ቀድሞ ያገኘ፣ ዘግይቶ ያገኘና ጨርሶ ያላገኘ።" ጥቂት አሰበችና "ይህንን አልጠራጠርም" ጨመረችበት።

ዳይሬክተሩ ስለሚራመደው ባክቴሪያ ሁለተኛ አላነሡም። ፎቶ አንሺውን ጠርተው አማቱን ከውሃ ማጠጫው ጋር እንዲያነሣ አዘዙት፤ ባዶ እጅ መመለስ አይወዱም። አማቱ ግን ፎቶው ግድም አልሰጣቸው። ማጠጫውን ይዘው ወደ ታንከሩ ጀርባ ሊሄዱ ሲሉ አማቻቸው መንገድ ዘጋባቸው።

"እባክዎ እማማ፣ ይሄኛውን ይተዉልኝ።"

"በቁሙ ሲያልቅ?"

"ለሌሎቹ ሲል ነው።"

"ይህንን እሱ ጋ ሄደህ ንገረው" አሉት። ማጠጫውን ግን አስቀመጡ። እስከ አጨዳው ድረስ ያንን መደብ ማየት ስለማይሆንላቸው ልብስ እንኳ በሌላው በኩል ነበር የሚያሰጡት።

በሚቀጥለው ዓመት እመት ጥርጣሬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ እስኪሰጧት ድረስ አልወጣም ብላ ከጣቢያው ጀርባ መሬት አስገኘች። ሙከራው በወጉ ተደገመ። ዘግይቶ የጠጣው በዱቄት ተለውሶ የተዘራውን ያህል አላፈራም፤ በጊዜ ካልደረሰለትም ብዙ አይረባም። ግን ከምንም የተሻለ ነበር፤ እጅግም የተሻለ። ዱቄቱ ዘግይቶ የሚደርሳቸው፣ ከዘሩ በኋላ ጥቅሉን ይዘው ግራ የሚገባቸው ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም። ለእነሱ ነገሩ ትልቅ ቁም ነገር ሆነ።

ተመራማሪው ገበሬዎቹን ሰብስቦ ሲያሳይ አንድ ሽማግሌ "ይህንን ብልሃት ከየት አመጣኸው?" አሉት።

"ከአማቴ" አለ።

ገበሬዎቹ ሳቁ፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው ተባባሉ። ሁለተኛ ቢነግራቸው ይበልጥ ሳቁ። ተወው።

አማቱ አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ማጎንበስ አይሆንላቸውም። ጓሮውን የሚቆፍረው እሱ ነው፤ እሳቸው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ያዛሉ። ባለፈው አጨዳ ሲያልቅ ባዶውን መደብ ሲያዩ ቆዩና ጠየቁት።

"ተክሉ ከታጨደ በኋላ እነዚያ ባክቴሪያዎች የት ይሄዳሉ?"

"አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፣ እማማ። የሚቀጥለውን ዘር ይጠብቃሉ።"

"እስከዚያ ምን ይበላሉ?"

መዶማውን ተደግፎ አሰበ። "ያገኙትን" አለ።

"ያገኙትን ማለት መልስ አይደለም" አሉ አማቱ። "ነገ መሥሪያ ቤት አጣርተህ ና።"

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ እመት ጥርጣሬ ክፍል ሄደ።